ባላንጣ ገንዘቦች በአንድ አልበም

የጦርነት ዘመን የቻይና የወረቀት ገንዘብ ልትሰበስብ ካሰብህ፣ ወዳጄ፣ ከዋጋው በፊት ያወጣውን ባንክ እይ። ጃፓን ቻይናን በወረረችባቸው ዓመታት፣ ከ1937 እስከ 1945 እ.ኤ.አ.፣ ገንዘቡም እንደ ወታደሩ ይዋጋ ነበር። የብሔርተኛው መንግሥት ገንዘብ ፋቢ ነው። በ1938 ቤጂንግ፣ በ1941 ናንጂንግ ላይ በጃፓን ጥላ ሥር የቆሙ ባንኮች የየራሳቸውን አወጡ። በሻንዶንግ ደግሞ ኮሚኒስቶቹ የቤይሃይ ባንክን ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። እስኪ ገበሬው እህሉን በየትኛው ይሽጥ?

እኔ አብልጬ የምወደው የቤጂንጉን ባለ 1 ዩዋን ነው። ቀራጩ በላዩ የተሳለውን ሊቅ እጆች ነውረኛ ምልክት አስይዞ ወራሪውን ሰድቦበታል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ አጉሊ መነጽሬን ሳላነሳ አላልፈውም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ያስደስተኛል።

ጦርነቱ ሲያበቃ የናንጂንጉ 200 ዩዋን በ1 ፋቢ ተመነዘረ። የስንቱ የሻንጋይ ቤተሰብ ጥሪት በአንድ አዋጅ ተነነ! ፋቢም አልዳነ፤ በነሐሴ 1948 3 ሚሊዮኑ በ1 የወርቅ ዩዋን ተለወጠ።

ስለዚህ የተጨማደደውንና ያደፈውን አትናቅ፤ በገበያ የዋለው እሱ ነው። አደራ፣ አትጠበው፣ በካውያም አትተኩሰው።