«እኛ» ሲባል እነማን ነን?

አማርኛ አንዳንድ ነገር በግድ ያናግረናል። ስለ ሦስተኛ ሰው ስናወራ «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት አለብን። ሰው ፊት ስንቆምም «አንተ» እንበል «እርስዎ» ቀድመን እንወስናለን። «እኛ» ላይ ስንደርስ ግን ቋንቋው ይለቀናል። ሰሚው «እኛ» ውስጥ ይኑር አይኑር እንድንናገር የሚያስገድደን የለም።

ይህን ልብ ያልኩት ስለ ኒያስ ቋንቋ ሳነብ ነው። ኒያስ ከሱማትራ በስተምዕራብ ያለች የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2005 በደረሰባት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሟን የሰማ ይኖራል። ሕዝቡ ራሱን «ኦኖ ኒሃ» (የሰው ልጆች)፣ ቋንቋውን «ሊ ኒሃ» (የሰው ቋንቋ) ይለዋል።

በዚህ ቋንቋ «እሱ»ም «እሷ»ም አንድ ቃል ናቸው፤ «ያኢያ»። «እኛ» ግን ሁለት ነው። «ያኢታ» እኔም አንተም ያለንበት እኛ ነው። «ያአጋ» ደግሞ እኔና ወገኖቼ፣ አንተ ግን የሌለህበት እኛ ነው።

ልዩነቱ በሰዋስዉ ሁሉ ይከተላል። ቤት በኒያስ «ኦሞ» ይባላል (ከወንዛችን ጋር ዝምድና የለውም)። እኛ «ቤታችን» ብለን መጨረሻው ላይ እንደምንቀጥል እነሱም ይቀጥላሉ። «ኦሞዳ» የኔም ያንተም ቤት ነው፤ «ኦሞማ» ግን አንተ እንግዳ የሆንክበት ቤታችን። ግሱም እንደዚያው ነው። በሌላ ነገር ላይ የተፈጸመ ድርጊት ሲነገር ፈጻሚው ግሱ መጀመሪያ ላይ ይለጠፋል። «ታ» ከተለጠፈ ሰሚውም አብሮ አድርጎታል፤ «ማ» ከተለጠፈ እሱ የለበትም።

የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋም «ኪታ» እና «ካሚ» ብሎ ሁለቱን ይለያል። ሱካርኖ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1945 የነፃነት አዋጁን ሲያነቡ የኢንዶኔዥያን ሕዝብ የጠሩት በ«ካሚ» ነው፤ ሰሚውን በማይጨምረው «እኛ»። አዋጁ የሚናገረው ለዓለም ነበርና በአንዲት ቃል ድንበር ተሰመረ።

ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ከሁሉ በላይ የሚያቆመኝ ቃል «እኛ» ነው። አንድ ባለሥልጣን «እኛ ወስነናል» ይላል፤ እዚህ ሕዝቡ የለበትም። ወዲያው «እኛ ዋጋ መክፈል አለብን» ይላል፤ እዚህ ሕዝቡ ገብቷል። ቃሉ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ግን ተለውጠዋል። ተቃዋሚውም፣ አክቲቪስቱም፣ የብሔር ተወካዩም እንዲሁ ነው። ውሳኔው የጥቂቶች፣ ዕዳው የሁሉ ይሆናል፤ ሽግግሩንም ማንም ሳያየው ያልፋል።

ሰዋስው ሰውን ሐቀኛ አያደርግም። የኒያስ ፖለቲከኛም «ያኢታ» ብሎ ሊዋሽ ይችላል። ግን አድፍጦ ማለፍ አይችልም፤ ሰሚው «እኔ መቼ ነበርኩበት?» ብሎ የሚይዘው ቃል አለ። እኛ ያ ቃል ስለሌለን ሥራው የሚወድቀው ጠያቂው ላይ ነው። ስለዚህ «እኛ» ሲባል «እነማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። ብዙው ግን ትንሽ ያስብና ቁጥሩን ይቀንሳል።

እናንተም የሚቀጥለውን መግለጫ ስትሰሙ እያንዳንዷን «እኛ» አስቁማችሁ ጠይቋት፦ እኔ አለሁበት ወይስ የለሁበትም?