የሁለት ሰዓት ኪራይ

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ የምጀምረው በማሽኑ፣ የምጨርሰውም በማሽኑ ነበር። መሐሉን እዘለዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው የዘለልኩትን ለመናገር ነው።

በ2006 ዓ.ም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሥራ ተቋራጭ ግቢውን ሲያጸዳ፣ ለዓመታት ቆሞ የከረመ ባክሆ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጠልኝ። ከፊቱ አፈር የሚዝቅ፣ ከኋላው ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ቢጫ ቀለሙን ዝገት የበላው ጄሲቢ 3ሲኤክስ ነበር። የእንግሊዙ ኩባንያ ይህን ሞዴል ገበያ ላይ ያዋለው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ያን ጊዜ የቤት መሠረትና የሽንት ቤት ጉድጓድ በቀን ሠራተኛ እያስቆፈርኩ ነበር የምተዳደረው። ዋልካ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ በክረምት ዶማ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ሲል ያየ ሰው ለምን እንደተመኘሁት ይገባዋል። ያለኝን ጥሪት አሟጥጬ ገዛሁት። ለማስጠገኛ የቀረኝ ገንዘብ ስላልነበረ ጓሮዬን ጋራዥ አደረግሁት። ረዳቴ የእህቴ ልጅ ነበር፤ ዕድሜው 19።

ሞተሩ ነክሶ ነበር። ኢንጄክተሮቹን ፈታን፤ በየሲሊንደሩ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለን አፈሰስን። ጠዋትና ማታ የኮሎውን ቡሎን በረጅም ቁልፍ ወዲያና ወዲህ እየገፋን ቆይተን በ9ኛው ቀን ተላቀቀ። ሞተሩ ፐርኪንስ 4.236 መሆኑ በጀን፤ ይህ ሞተር በእርሻ ትራክተርና በኮምባይነርም ላይ ስለሚገጠም ፋሻውንና ጓርኒሲዮኑን ከትራክተር መለዋወጫ ሻጭ አገኘን። የቫልቮቹን ክፍተት በቀዝቃዛው 0.30 ሚሊ ሜትር አድርገን አስተካከልን። ራዲያተሩ ተበልቶ ስለነበር የአሮጌ ኤንትሬ ራዲያተር በላሜራና በፌሮ እግር ሠርተን ገጠምንለት። ናፍጣ ሳቢው ፓምፕ አልሠራ ሲል 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ጣሪያው ላይ አስረን ናፍጣው በራሱ ክብደት እንዲወርድ አደረግን።

የክንዱ ፒኖች ከመበላታቸው የተነሳ ባኬቱ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቅ ነበር። ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ከጭነት መኪና አክስል ሻፍት ቀርጸው አዲስ ፒን አወጡልኝ። «አክስል ጭነትና መጠምዘዝ የለመደ ብረት ነው፤ ፌሮ ግን ባንድ ወር ይጎብጥብሃል» አሉኝ። የባኬቱን ጥርሶች ከባሌስትራ ቆርጠን በየድን። መጀመሪያ የበየድናቸው በማግስቱ ተሰንጥቀው አገኘናቸው። አሁንም አዛውንቱ ናቸው ምክንያቱን የነገሩን፦ የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ፣ ተበይዶ ቶሎ ከቀዘቀዘ የብየዳው ዳር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ከብየዳው በፊት በከሰል አሞቅነው፤ ከብየዳው በኋላ አመድ ውስጥ ቀብረን አሳደርነው። ጥርሶቹ ያዙ።

በአምስተኛው ወር ሞተሩ ተነሣ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ፤ እናቴ እልል አለች። ጥፋቴ የተጠነሰሰው እዚያ ደስታ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ብልሃት በተሳካልኝ ቁጥር በእጄ የማይሠራ ነገር የለም ማለት ጀመርኩ። ቁጠባ ከችግር የመጣ መሆኑን ረስቼ እንደ ሙያ እኮራበት ጀመር።

አንድ ያልነካሁት ነገር ቀርቶ ነበር፤ የሃይድሮሊኩ ሆዝ። የባክሆ ክንድ የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ አየር ይይዛል፤ በዚያ ሆዝ ውስጥ የሚያልፈው ዘይት ግን ከ200 ባር በላይ ይደርሳል። ሆዙ ይህን የሚችለው በጎማው ውስጥ በተጠላለፈው የብረት ሽቦ ነው። የእኔ ሆዝ የላይ ጎማው ተሰነጣጥቆ ውስጡ ያለው ሽቦ ዝጎ ይታይ ነበር። አዲስ ሆዝ አስለክቶ አናቱን ለማስጨመቅ አዲስ አበባ መውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን የመኪና ካላማዳሪ በቀጭኑ ሸርክቼ ጠመጠምኩበትና በማሰሪያ ሽቦ አጠበቅሁት። ካላማዳሪ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልማል፤ ያን አውቅ ነበር። «ትንሽ ሠርተን ገንዘብ ስናገኝ እንቀይረዋለን» ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አዛውንቱ ሥራችንን ሊያዩ መጥተው ዓይናቸው እዚያ ላይ አረፈ። «ልጄ፣ ፒኑ ቢሰበር ሥራ ትፈታለህ። ይኼ ቢፈነዳ ግን ማን ላይ ነው?» አሉኝ።

«እስካሁን ይዟል አባባ» አልኳቸው።

ግንቦት ላይ የአንድ ቤት መሠረት ስንቆፍር ክንዱ እየከበደው መጣ። የእህቴ ልጅ ከጎን ቆሞ «ጋሼ፣ ዘይት እየረጨ ነው» አለኝ። እኔ ሊቨሩን እንደያዝኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ «ከየት እንደሆነ በእጅህ ዳሰስ አድርገው» አልኩት። ዳሰሰው። ወዲያው እጁን ሳበና «ወጋኝ» አለ። ወርጄ አየሁት፤ የግራ እጁ አመልካች ጣት ላይ መርፌ የነካው የሚመስል ቀይ ነጥብ ብቻ ነበር። ደም የለም። ሕመምም እምብዛም አልተሰማውም።

«የሽቦ ጫፍ ነው። በናፍጣ ታጠብና ና» አልኩት። እስከ ማታ ሠራን።

ስዘለው የኖርኩት ይህን ነው።

የወጋው ሽቦ አልነበረም። በግፊት ያለ ዘይት ከመርፌ ቀዳዳ በጠበበ ክፍተት ሲወጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ከዚያ በጅማቱ መንገድ እየተስፋፋ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መግቢያው ስለማይታይና መጀመሪያ ስለማያም ሰው ይዘናጋል። ዘይቱ ግን ሥጋውን ይመርዛል፤ እብጠቱም የደሙን መንገድ ያፍናል። በሰዓታት ውስጥ ተከፍቶ ካልታጠበ ጣት፣ አንዳንዴም እጅ ይወስዳል።

ሌሊቱን ልጁ አልተኛም። ጣቱ አብጦ፣ ደርቆ፣ ገርጥቶ ነበር። ጎህ ሲቀድ ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ ምን እንደወጋው ሲጠይቅ ቀድሜ «ሽቦ ነው» አልኩ። ያን ስል ግን በልቤ ዘይቱን ጠርጥሬ ነበር። አፌን ያስቀደመኝ አለማወቅ አልነበረም፤ ሀፍረት ነበር። ልጁ ራሱ ነው «ሽቦ አይደለም፣ የማሽን ዘይት ነው» ያለው። የሐኪሙ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት፤ ሁለት ጊዜ ከፍተው አጠቡት። እጁ ተረፈ። ጣቱ አልተረፈም።

እህቴ አልጮኸችብኝም። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «ያ ሆዝ ስንት ብር ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማሽኑ በሰዓት ስንት እንደሚከራይ ታውቃለች፤ በልቧ ስታሰላ አየኋት። የሁለት ሰዓት ኪራይ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ማሽን ባየሁ ቁጥር ያቺን ስሌት አሰላለሁ።

በአሮጌ ዕቃ መሥራትን ዛሬም አልነቅፍም። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር፣ ከምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ኑሮ የሚሠሩ እጆች ባይኖሩ ስንቱ ማሽን ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። የኤንትሬው ራዲያተር እስካሁን ይሠራል፤ የአክስሉ ፒንም እንደዚያው። የተማርኩት የአዛውንቱን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ይህ ነገር ቢሰበር የሚቆመው ሥራው ነው ወይስ የሚጎዳው ሰው? ሥራው ብቻ ከሆነ ብልሃት አይከፋም። የሃይድሮሊክ ሆዝ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሰው ከሥሩ የሚገባበትን ብረት ደግፎ የሚይዝ ማንኛውም ነገር ግን የብልሃት ቦታ አይደለም። ለእርሱ ገንዘብ እስኪገኝ ማሽኑ ይቁም።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ያንኑ ማሽን ራሱ ይነዳል። ሆዝ ሲሰነጠቅ ጠምጥሞ አያውቅም፤ ይቀይራል።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ አደራዬ ይህ ነው። ሆዝ ከመንካታችሁ በፊት ክንዱን መሬት አስቀምጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሊቨሮቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሳችሁ የታመቀውን ግፊት አስተንፍሱ። የሚያፈሰውን ቦታ በካርቶን ፈልጉ እንጂ በእጃችሁ አትዳስሱ። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ዘይት ከወጋችሁ፣ ደም ባይኖርም፣ ባያምም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደወጋችሁ ሲጠይቅ እኔ ሽቦ ነው አልኩ። እናንተ በግፊት የወጣ ዘይት ነው በሉ።