የእማዬ በረንዳ

ብሩ የመጣው ከሪያድ ነው። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ላይ እየቆነጠረች ያጠራቀመችው ሲሆን አደራዋም አጭር ነበር፤ «ለእማዬ በረንዳ ብቻ! ለሌላ ነገር እንዳትነኩት።» ታናሽ ወንድሟ ቃሏን አከበረ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ያሠሩት ቤት ፊት ለፊት ያለው በረንዳ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሁለት ምሰሶና አንድ አጭር ግንብ ብቻ ይዞ ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አሉሚኒየምና መስታወት ሆነ።

ሥራውን የሠራው ልጅ እጁ ጥሩ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ እናትየው ወንበራቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ነፋሱስ በየት ይገባል?»

«አቦ ማዘር፣ ስላይዲንግ እኮ ነው! ሲፈልጉ ይከፍቱታል።»

አልዋሸም። ያልነገራቸው ነገር ግን አለ። ስላይዲንግ መስኮት አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚከፈት፣ ወለል አድርገው ከፈቱት ሲባል እንኳ ግማሹ ዝግ ነው።

ልጅቱን በጭፍን ዘመናዊነት መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። ሁለት ምክንያት ነበራት። አንደኛው በ2011 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው ቺኩንጉንያ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የከተማው ሰው በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወደቀ። ስሙ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ውስጥ ከሚነገረው የማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው። እናትየውንም አጎበጣቸው። ልጅቱ ያኔ ሪያድ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እናቷ ከአልጋ ተነስተው ቡና ማፍላት እንዳቃታቸው በስልክ ስትሰማ የሰው ቤት ማእድ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ትኩሳቱ በሳምንት ለቀቃቸው፤ የጉልበትና የእጅ አንጓ ሕመሙ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የምትሠራበት ቤት ነው። ውጭው 45 ዲግሪ ሲነድ ውስጡ ብርድ ብርድ ይላል። ግድግዳው መስታወት ነው፣ አቧራ የለም፣ ትንኝ የለም። ለሰው ቤት በየቀኑ የምትወለውለውን ዓይነት መስታወት ለእናቷ ቤት መመኘቷ ምን ይገርማል?

መስታወቱ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ፣ እልልታውም አልቀረም። ጠዋት ስለነበር ሁሉም ደስ አለው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ሰው አንድ በአንድ ሰበብ እየፈለገ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት እናትየው ወንበራቸውን አውጥተው ግቢው በር አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አኖሩት። ለእሳቸው ተብሎ የተሠራውን በረንዳ ከውጭ ሆነው ያዩት ጀመር።

የሆነው ነገር ምስጢር የለውም። ያ በረንዳ ወደ ምዕራብ የዞረ ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሞቃታማዎቹ ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ናት፤ ጣሪያው ትንሽ ወጣ ካለ ጥላው ይበቃል። ከባዱ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በአግድም ስትመጣ ነው። ጥርት ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር መስታወት ከ500 ዋት ያላነሰ የፀሐይ ኃይል ያርፍበታል፤ ተራ መስታወት ደግሞ አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ስምንት ካሬ ሜትር ቢሆን አራት ኪሎ ዋት ገደማ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚፈልገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እናትየው በየቀኑ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከተጣደ ምጣድ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ ነው የተፈረደባቸው። ብርሃኑ በመስታወቱ ገብቶ ሴራሚኩንና ወንበሩን ያግላል፤ ከጋለው ወለል የሚነሳው ሙቀት ግን በመስታወቱ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ከላይ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ አለ።

ድሬዎች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም እዚያ ሲደርስ ነው። ሐረርን በዚያ ተራራ ላይ ወጥቶ መድረስ ስለከበደ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ አለፈ፤ ድሬም ተወለደች። ለባቡሩ ሰዎች የተሠሩትን የከዚራ የድሮ ቤቶች ሄዶ ያየ ሰው ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሽንቁር ያለው የእንጨት መዝጊያ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ዛፍ ያገኛል። በረንዳው የተሠራው ዋናው ግድግዳ ፀሐይ እንዳያይ ነው፤ ለቤቱ እንደ ባርኔጣ ነው። ዙሪያውን በመስታወት ሲዘጋ ባርኔጣነቱ ቀርቶ ቤቱን ራሱን የሚያሞቅ ምድጃ ይሆናል። በእናትየው ቤትም ሳሎኑ ከበፊቱ ይልቅ መሞቅ የጀመረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ንድፍ ከየት መጣ? ከደጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ በረንዳን በመስታወት መዝጋት አስተዋይነት ነው፤ የኅዳርን ብርድ ይከለክላል፣ የጠዋት ፀሐይ ይሰበስባል። ያው አሉሚኒየም፣ ያው ልኬት፣ ስልክ ላይ የሚታየው ያው ፎቶ በመኪና ተጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። (የቆላ ከተሞች ባንኮችም ከአናት እስከ እግር መስታወት እየለበሱ ነው። እነሱስ ኤሲውን የሚከፍልላቸው ደንበኛ አላቸው።)

ከዚህ ተነስቶ «በረንዳ ክፍት ይሁን፣ እንደ ድሮው» ማለት ደግሞ የደላው ሰው ፍርድ ነው። የድሮዋ ድሬ ዛሬ የለችም። ደንጌ በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ መጣ፤ ቺኩንጉንያ ተከተለ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ከተማዋ በደረቅ ወራት ጭምር በወባ ተመታች። ለዚህኛው በዋነኛነት የተጠቀሰችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት። ከእስያ የመጣች ናት፤ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ረግረግ አትፈልግም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እያንዳንዱ ቤት የሚያስቀምጠው በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ደንጌና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ ደግሞ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ የአልጋ አጎበር ቡና እያፈሉ ያሉ እናትን አይጠብቅም። በረንዳውን መከለል አስፈላጊ ነበር። ስህተቱ የተመረጠው ዕቃ ላይ ነው፤ ትንኝን ለመከልከል ነፋስን መከልከል አያስፈልግም ነበር።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ልጅቱ በየምሽቱ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩ ሲጮህ እናትየው ከኒሙ ሥር ይነሱና እያነከሱ ወደ መስታወቱ ውስጥ ይገባሉ። በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ብቻ ነው ልጁ ስልኩን የሚያነሳው።

«እማዬ፣ እንዴት ነው በረንዳው?»

«ተመስገን ልጄ! ቤተ መንግሥት ነው።»

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ውሸቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም ነበር። ችግሩ የመጣው ልጅቱ አንድ ቀን የእናቷ ፊት ሲያብለጨልጭ አይታ «ሞቆሻል እንዴ?» ብላ የጠየቀች ዕለት ነው። መልስ ሳትጠብቅ ወሰነች፤ ኤሲ ይገባል። ለመስከረም ልትመለስ አስባ የነበረውን ትታ ኮንትራቷን ለአንድ ዓመት ታራዝማለች።

ወንድምየው ያን ሌሊት አልተኛም። ኤሲው ይገባል እንበል። ምዕራብ የዞረ መስታወት ያለበትን ክፍል ለማቀዝቀዝ ከሰዓት በኋላ ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት፤ ታሪፉ ደግሞ በየደረጃው እየጨመረ ነው። መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል እኮ። ክፍት በረንዳ መብራት ጠፋ አልጠፋ ያው በረንዳ ነው፤ ተዘግቶ በማሽን የሚቀዘቅዝ ክፍል ግን መብራት በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰው ያስወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ዓመት። የእህቱ አንድ ዓመት በሰው ቤት፣ ማንም ለማይቀመጥበት ክፍል።

በማግሥቱ እናቱ ሳይሰሙ ደወለና ነገራት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ብሩ ተበላ ብላም ጠረጠረች። ስልኩን አዙሮ ቀን በስምንት ሰዓት ከኒሙ ሥር የተቀመጡትን እናቷን አሳያት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እና ለምንድን ነው የምትዋሹኝ?» አለች፤ ስልኩንም ዘጋችው። ለአራት ቀን አልደወለችም።

በአምስተኛው ቀን የደወለችው ለእናቷ ነው። የተነጋገሩት ብዙ አልነበረም። «ልጄ፣ ያንቺን ላብ እንዴት ሞቀኝ ብዬ ልናገር?» አሏት። እሷም አለቀሰች፤ ከዚያም ምን እንደሚሻል ጠየቀች።

ያው የአሉሚኒየም ሠራተኛ ተጠራ። የምዕራቡን መስታወት በሙሉ፣ የሰሜኑን ግማሽ አወጣው። ፍሬሙ ስላለ በቦታው የሽቦ ወንፊት መወጠር የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ወንፊቱ ሲገዛ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በሩም ራሱ ተመልሶ እንዲዘጋ ሞላ እንዲገባለት፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት በጎማ እንዲደፈን ወንድምየው ቆሞ አሠራ። የደቡቡ መስታወት እንዳለ ቀረ፤ በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ብርድ ይከላከላል። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ገባ፤ ከምዕራቡ ወንፊት ፊት ለፊት እየተጠቀለለ የሚወርድ የሸምበቆ መጋረጃ ተሰቀለ። አንድ ቬንትሌተርም ተጨመረ። የግቢው በርሜሎች ክዳን አገኙ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የኤሲውን ዋጋ ሲሶ አልሞላም።

ፍጹም አልሆነም። ወንፊቱ ነፋሱን ትንሽ ይቀንሳል፣ አቧራም ይገባል፤ እናትየው በየጠዋቱ እርጥብ ጨርቅ ይዘው እየወለወሉ ያጉረመርማሉ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ቬንትሌተሩም ያው የሞቀውን አየር ነው የሚያማታው። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ወንበሩ በረንዳው ላይ ነው። ጎረቤቶችም ተመልሰዋል፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው በወንፊቱ ውስጥ ሰላምታ ይሰጣል፤ እሳቸውም ማን ከማን ጋር እንዳለፈ ያውቃሉ።

ልጅቱ ኮንትራቷን አላራዘመችም። ከበረንዳው የወጡት መስታወቶች ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተደግፈው ቆመዋል። አሉሚኒየም ቤቱ በግማሽ ዋጋ ልውሰድ ብሎ ነበር፤ ወንድምየው ገና አልተስማማም።