የላባችን «ቫይረስ»

ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት ያደረ ይቅርታ ስላለብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ላብ ውስጥ ፋይሎቼን የማስተካክለው በሚድናይት ኮማንደር ነበር። ይህን ፕሮግራም ሚጌል ዴ ኢካዛ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው መልኩን የወሰደው በ1986 ለዶስ ከወጣው ከኖርተን ኮማንደር ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሰሌዳ አለው፤ ማውዝ አያስፈልገውም። ኤፍ 5 ይገለብጣል፣ ኤፍ 6 ያዛውራል፣ ኤፍ 8 ያጠፋል፣ ኤፍ 10 ይወጣል።

ጣጣው የመጣው በኤፍ 10 ነው። ስጫነው ፕሮግራሙ በመዘጋት ፈንታ የተርሚናሉ ሜኑ ይከፈታል። ለካ ኖም ተርሚናል ቁልፉን ለራሱ ሜኑ ስለሚጠቀምበት ወደ ውስጥ አያሳልፈውም። ከተርሚናሉ ምርጫዎች ገብቼ ይህን አጠፋሁትና ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! የዚያ ኮምፒውተር ኪቦርድ ኤፍ 8 አይሠራም ነበር። የቁልፎቹን ፋይል ከፈትኩና ማጥፋትን ወደ ኤፍ 6፣ ማዛወርን ወደ ኤፍ 12 ቀየርኩ። «ይጥፋ ወይ?» እያለ መጠየቁም ስለሰለቸኝ ማረጋገጫውን ዘጋሁት።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ ኮምፒውተር ሁላችንም የምንገባው በአንድ አካውንት ነው።

በማግስቱ አንድ የክፍል ጓደኛዬ የፕሮጀክቱን ፋይሎች በኢንሰርት መርጦ ወደ ፍላሹ ሊያዛውር ኤፍ 6ን ተጫነ። ፋይሎቹ ከግራው ሰሌዳ ጠፉ። ሲዛወርም ሲጠፋም እዚያ የሚታየው ያው ስለሆነ አልደነገጠም። ቀኙን ሲያይ ግን ምንም የለም። ሚድናይት ኮማንደር የሚያጠፋውን ፋይል በቀጥታ ይሰርዘዋል እንጂ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይልከውም። ኢሜይሉ ላይ የተገኘው የሦስት ቀን አሮጌ ኮፒ ብቻ ነበር።

«ቫይረስ ነው» ተባለ። የላቡ ረዳትም ግማሽ ቀን ፈጅቶ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገው። እኔ አፌን ዘጋሁ። ሁለት ሌሊት ከጓደኛዬ ጋር ስሠራ አደርኩ፤ እሱም «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» እያለ ያመሰግነኛል! ይህ ከስድብ ይብሳል።

ከወር በኋላ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ለምን ኢስኬፕ ተጭነህ 8 አላልክም?» አለኝ።

እውነቱን ነው። የኤፍ ቁልፍ ስንጫን ተርሚናሉ ለፕሮግራሙ የሚልከው በኢስኬፕ የሚጀምር አጭር የምልክቶች ሰንሰለት ነው። ሚድናይት ኮማንደር ደግሞ ኢስኬፕና 8ን በተከታታይ ስንጫን እንደ ኤፍ 8፣ ኢስኬፕና 0ን እንደ ኤፍ 10 ይቀበላል። አንድም ፋይል ሳልነካ ሁለቱንም ችግር እፈታው ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁንም ቁልፍ መቀየር አልተውኩም፤ ሥራ ያፋጥናል። ግን በራሴ አካውንት ብቻ ነው፣ የድሮውን ፋይል ኮፒ አስቀምጬ። የማጥፊያውን ማረጋገጫ ደግሞ አልነካውም።

ጓደኛዬ ይቅር ብሎኛል። የቀረው የላባችን ረዳት ነው። ጋሼ፣ ያን ቀን የፈለጉት ቫይረስ ከኋላዎ ቆሞ ያይዎት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።