ኩራዝና ክፍልፋይ

አራተኛ ክፍል ወደቅሁ። ካርድ በሚሰጥበት ዕለት መምህራችን ደረጃችንን ጮክ ብሎ ጠራ፤ የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ቤት ስደርስ ዱላ ነበር የጠበቅሁት። አያቴ (ፊደል አልቆጠረችም) ካርዱን አገላብጣ አየችና «በል ብላ» አለችኝ። ማታ ኩራዙን አስጠግታ «ያቃተህን እስቲ ለኔ አስረዳኝ» አለች። ክፍልፋይ ነበር። እንጀራ አውጥታ ለአራት ቆረሰችው። ስሳሳት ዝም ትላለች፤ ስናደድም ዝም። «ነገ ደግሞ እንሞክራለን» ብላ ኩራዙን እፍ ትላለች።

ኤሚ ቨርነር የተባለች የሥነ ልቦና ሊቅ ሃዋይ ውስጥ፣ በካዋይ ደሴት፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትላ ነበር። ችግር ተደራርቦባቸው ካደጉት ሲሶ ያህሉ ደኅና ሰው ሆነው ወጡ። ከነዚህ ጎን አብዛኛውን ጊዜ የማይርቅ አንድ ሰው ነበር፤ አያት፣ ዘመድ፣ ወይም አስተማሪ።

«አስተማሪ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ከመካከላችን ስንቱ ነው ነገ ጠመኔ የሚይዘው?

ክፍሉን ስደግም ያው መምህር ገጠመኝ። ክፍልፋይ ጠየቀ፤ እጄን አወጣሁ። አላየኝም፤ ወይም ያላየ መሰለ። እኔም አላወረድኩም።