አኻያና የእንጦጦ ውኆች

በእንጦጦ ተራራ ጫፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። ወደ ሰሜን የፈሰሰው ከዓባይ ገባሮች ጋር ሲቀላቀል፣ ወደ ደቡብ የፈሰሰው ግን በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። እንግዲህ በየካ የሚኖር ቤተ ሰብ የዚህ ውኃ ጎረቤት ነው።

ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚወስደው አቀበት የሚወጣ መንገደኛ ግራ ቀኙን ቢመለከት አብዝቶ የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ማገዶ እያጠራት በሄደ ጊዜ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ደርሶላታልና ውለታው አይካድም። ነገር ግን ውኃን አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ብዙ ሣር ስለማይበቅል አፈሩ ለጎርፍ የተጋለጠ ነው። ጎርፉም ወደ ሸለቆው ሲወርድ የወንዙን ዳርቻ እየሸረሸረ መሬቱን ይወስዳል።

ለዚህ ዳርቻ የሚስማማ የአገር ዛፍ አለ፤ ይኸውም አኻያ ነው። ስሙን ከዳዊት መዝሙር 136 እናውቀዋለን፤ የእስራኤል ምርኮኞች በባቢሎን መሰንቆአቸውን የሰቀሉት በአኻያ ላይ ነበርና። ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም ነው፤ ሥሩ እንደ መረብ ተጠላልፎ እርጥቡን አፈር ይይዛል፤ ቀንበጡም ቅርጫት ይሠራበታል። ዘሩ ጥጥ ለብሶ በነፋስ ይበንና በጥቂት ጊዜ ውስጥ የመብቀል ኀይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን ቈርጦ መትከል ይሻላል።

አተካከሉም እንዲህ ነው። ሰኔ ሲገባ፣ ውፍረቱ አውራ ጣት፣ ርዝመቱ ክንድ የሚያህል ጤናማ ቅርንጫፍ ቈርጦ፣ የአንጓው ዓይን ወደ ላይ እንዲያይ አድርጎ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ እርጥብ መሬት ውስጥ መቅበር ነው። ከብት እንዳይቀነጥበው አጥር ያሻዋል፤ የመጀመሪያው በጋ እስኪያልፍም መሬቱ መድረቅ የለበትም። ሥሩ ውኃን የሚከተል ነውና በቤት መሠረትና በቧንቧ አጠገብ አይተከልም። ለደረቁ ኮረብታ ጽድና ወይራ ይስማማሉ፤ እነዚህንም አባቶቻችን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ጠብቀው አቆይተውልናል።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በወንዝ ራስጌ የሚኖር ሰው በግርጌ ለሚኖረው ዕዳ አለበት። በየካ የሚናደው አፈር የሚያደፈርሰው በአቃቂ የሚኖረውን ወገናችንን ውኃ ነውና። ስለዚህ ቤቱ በወንዝ አጠገብ የሆነ አባወራ በሚመጣው ሰኔ ከልጆቹ ጋር ጥቂት አኻያ ቢተክል፣ የራሱን መሬት ያቆያል፤ ለማያውቀውም ጎረቤቱ መልካም አደረገ።