የሮቤው «ወርቅ» ሰዓት

ሮቤ በአርሲ ደጋ ያለች ከተማ ናት። ባሌ ውስጥም ሌላ ሮቤ አለ፤ እንዳይምታታብን። በዙሪያዋ ስንዴና ገብስ ይዘራል። ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። በገበያ ቀን ግን ከብቱም ሰውም ሲሰበሰብ ይሞቃል።

ባለፈው ገበያ ፊደል የማስተምራቸው አንድ አባት ጠሩኝ። ለመሸጥ ያመጧትን ጊደር በገመድ ይዘዋል። አጠገባቸው አንድ ነጋዴ ቆሟል።

«አስተማሪ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉና የሚያብለጨልጭ የእጅ ሰዓት አሳዩኝ። በላቲን ፊደል «ሮሌክስ» ይላል።

«ወርቅ ነው ይለኛል። የጊደሯን ዋጋ ስጠኝ አለኝ።»

እኔም ደነገጥኩ። ነጋዴው «የትም አስመርምሩት!» አለ። ሦስታችንም በረንዳ ላይ ወደሚሠራ አንድ ሰዓት ሠሪ ሄድን። ጊደሯም ተከተለችን።

ሮሌክስ የታወቀ የስዊዘርላንድ ሰዓት ነው። ድርጅቱ በ1905 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተቋቋመ፤ በኋላ ወደ ጄኔቭ ዞረ። ዛሬ የሚሠራው ሮሌክስ ባትሪ የለውም። ውስጡ ሞላ አለ። እጃችን ሲንቀሳቀስ ሞላው ራሱ ይጠመጠማል። በአብዛኞቹ የሰከንዱ ዘንግ በአንድ ሰከንድ 8 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይራመዳል። ስለዚህ የሚንሸራተት ይመስላል።

ሰዓት ሠሪው ጆሮውን አስጠጋ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ በሰከንድ አንዴ። ክዳኑን ከፈተው። አንዲት ክብ ባትሪና የፕላስቲክ ጥርሶች ታዩ። በእጁም መዘነው። 18 ካራት ወርቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ይህ ግን ቀላል ነበር። የማሰሪያው ጠርዝ ተፍቆ ነጭ ብረት ወጥቷል።

«አስመስሎ የተሠራ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ሁሉም እንዲህ በቀላሉ ይለያል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አይ! ይሄ የርካሹ ነው። ዛሬ ባለሞላም አስመስለው ይሠራሉ። ዘንጉ እንደ እውነተኛው ይንሸራተታል። መስታወቱም በምስማር አይጫርም። ያንን ከፍቼ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ካላየሁት እኔም ልሳሳት እችላለሁ።»

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ሮሌክስ ሰዓቶቹ በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ እንደማይሳሳቱ ቃል ይገባል። ተራ የባትሪ ሰዓት ግን በወር 15 ሰከንድ ያህል ቢሳሳት ነው። ይህም በቀን ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው። ውስጡ ኳርትዝ የሚባል ትንሽ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሰዓቱ በእሱ ይቆጥራል። እንግዲህ ጊዜ በመቁጠር ርካሹ ውዱን ይበልጠዋል! ውሸቱ በቆጠራው ላይ አልነበረም። በስሙና በወርቁ ላይ ነበር።

ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። ዘንጉ 9 ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት። ልክ ነው።

ነጋዴው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው በዶሮ ዋጋ ይውሰዱት» አለ።

አባት የጊደሯን ገመድ ሳብ አደረጉ። «መጀመሪያ ስሙን ፍቀህ አምጣው» አሉት።